ኃይለ ቃሉን አስቀድሙ
የእንግሊዝኛ አንቀጽ አጻጻፍ፦ የሬዲዮ ትምህርታዊ ዝግጅት

ዛሬ የምንማረው በእንግሊዝኛ አንድ አንቀጽ መጻፍን ነው፤ ከስድስት እስከ ስምንት ዓረፍተ ነገር ያላትን አንዲት አንቀጽ ብቻ። ወረቀትና እስክሪብቶ ካላችሁ አቅርቡ። መኪና እየነዳችሁ የምትሰሙን ደግሞ እጃችሁን ከመሪው አታንሱ፤ የምናነሳው ምሳሌ በጆሮ ብቻም ይያዛል።

አንዲት አንቀጽ ምን ያህል ነገር ናት የሚል አይጠፋም። እስቲ የአገራችንን ተማሪ እንመልከት። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡንም ባዮሎጂውንም ታሪኩንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ይሁን እንጂ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው፤ ከተሰጡት መልሶች አንዱን መምረጥ። ስለዚህ ጎበዝ የሚባል ተማሪ እንኳ የጻፋትን አንቀጽ መምህር በቀይ ቀለም ሳያርምለት ዩኒቨርሲቲ ሊደርስ ይችላል። እዚያ ሲደርስ የቤተ ሙከራ ሪፖርት ጻፍ ይሉታል፤ ቀጥሎ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ከዚያ የሥራ ማመልከቻ ይመጣል። ሁሉም የሚሠሩት ከአንቀጽ ነው።

ወደ ውጭ ለመሄድ አይልትስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የምትፈተኑም ብትሆኑ ነገሩ ያው ነው። በአይልትስ የጽሑፍ ፈተና ሁለት ጥያቄ አለ፤ አንዱ ቢያንስ 150 ቃል፣ ሌላው ቢያንስ 250 ቃል ይፈልጋል፤ ለሁለቱም በድምሩ 60 ደቂቃ ይሰጣል። ፈታኙ የሚያርመው በአራት መመዘኛ ነው፤ አራቱም እኩል ክብደት አላቸው። አንደኛው ጥያቄውን መመለሳችሁን ይመለከታል። ሁለተኛው የሐሳቡን አደረጃጀትና ትስስር ያያል፤ አንቀጽ አከፋፈል የሚመዘነው እዚህ ነው። ሦስተኛው የቃላት ሀብት፣ አራተኛው ሰዋስው ነው። እንግዲህ አስቡት። እኛ አገር እንግሊዝኛ ማለት ሰዋስው ነው ብለን ዓመታት ስንለፋበት የኖርነው ነገር እዚያ ከአራት አንድ እጅ ነው። የቀረው በአብዛኛው ምን ልትሉ እንደፈለጋችሁ ማወቃችሁንና በምን ቅደም ተከተል እንዳቀረባችሁት የሚመዝን ነው።

የኔ አስተያየት ይህ ነው፤ አብዛኛው የተበላሸ አንቀጽ የሚበላሸው ጸሐፊው ምን ማለት እንደፈለገ ሳይወስን ስለሚጀምር ነው። የሰዋስው ስሕተቱን አርሙለት፣ አንቀጹ አይድንም።

በምሳሌ እንየው። መምህር ተነሥቶ «ስለ አበበ ቢቂላ አንድ አንቀጽ ጻፉ» አለ እንበል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጽሑፍ እንዲህ ይመስላል፤ በአማርኛ ላንብበው።

«አበበ ቢቂላ ታዋቂ ኢትዮጵያዊ ሯጭ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። የክብር ዘበኛ አባል ነበር። አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ይባላል። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። በ1964 ቶኪዮ ላይም አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የመኪና አደጋ ደረሰበት። በ1973 ዐረፈ። ኢትዮጵያውያን ሁሉ ይወዱታል።»

ስሕተት አለበት? የለበትም። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እውነት ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ ቢገለበጥም ሰዋስዉ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር አንሥታችሁ ሰባተኛው ቦታ ብታስቀምጡት ምንም አይጎድልም። አንዱን ብትሰርዙትም ሌላው አይከፋውም። የጎደለው ኃይለ ቃል ነው፤ በአማርኛ ትምህርታችሁ ታስታውሱት እንደሆነ፣ የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የሚይዘው ዓረፍተ ነገር። በእንግሊዝኛ ክፍል «ቶፒክ ሴንተንስ» ሲሉት የሰማችሁት እሱን ነው።

«የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ኃይለ ቃል አይደለም ወይ? አበበ ታዋቂ ሯጭ ነው ይላልኮ» የሚል አድማጭ ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ኃይለ ቃል እንደ ዕዳ ውል ነው፤ አንባቢው ይዞት ይመጣና ክፈለኝ ይላል። «አበበ ታዋቂ ሯጭ ነው» ለሚል ሰው ማን መጥቶ ምን ይጠይቃል? ማንም። ሁሉም የሚስማማበት ነገር ማስረጃ አይጠራም፤ ማስረጃ የማይጠራ ዓረፍተ ነገር ደግሞ አንቀጽ አይሸከምም። ስለዚህ አንድ ሰው «እንዴት ሆኖ?» ወይም «ማን አለ?» ብሎ ሊከራከርበት የሚችል ነገር ያስፈልገናል።

እንሞክር። «አበበ ቶኪዮ ላይ ያገኘው ድል ሮም ላይ ካገኘው ይበልጥ ከባድ ነበር።» በእንግሊዝኛ፦ «አበበ ቢቂላስ ቪክቶሪ ኢን ቶኪዮ ዋዝ ሃርደር ዛን ሂዝ ቪክቶሪ ኢን ሮም።» አሁን ተከራካሪ አገኘን። ወዲያው አንዱ ይነሣና «እንዴ! ሮም ላይ በባዶ እግሩ አይደለም እንዴ የሮጠው?» ይላል። ደግ ነው፤ ይሄ ክርክር ነው አንቀጹን የሚያንቀሳቅሰው።

አሁን ማስረጃ እንሰብስብ። ከቶኪዮው ውድድር ጥቂት ሳምንታት በፊት አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ይህ «ከባድ» ለሚለው ቃል ጥሩ ማስረጃ ነው። ሁለተኛ፣ ከዚያ በፊት የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው በታሪክ አልነበረም። ይህም ይደግፈናል። ሦስተኛ፣ ቶኪዮ ላይ የገባበት ሰዓት 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በዓለም ከተመዘገቡት ሁሉ ፈጣኑ ነበር። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ስታዲየሙ ውስጥ መሥመሩን የረገጠው ከአበበ አራት ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነው። እሱ እስኪደርስ አበበ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህ ሦስተኛው ማስረጃ ለማን ይመሰክራል? ሮም ላይ አበበ ሞሮኳዊውን ተፎካካሪውን የቀደመው በ25 ሰከንድ ገደማ ነበር። ቶኪዮ ላይ አራት ደቂቃ! አራት ደቂቃ ቀድሞ ገብቶ ስፖርት የሚሠራን ሰው «ድሉ ከበደው» ማለት ይቻላል? ማስረጃችን ከኃይለ ቃላችን ጋር ተጣላ። ብዙ ተማሪ እዚህ ቦታ ሲደርስ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ማስረጃውን ይደብቃል፣ ወይ ጥሉን ሳያይ ሁለቱንም ጽፎ ያልፋል። ሁለቱም አያዋጡም። መለወጥ ያለበት ኃይለ ቃሉ ነው። «ከባድ» የሚለውን እናውጣና «ታላቅ» እናስገባ፤ «ሃርደር» ወጥቶ «ግሬተር» ይግባ። «አበበ ቶኪዮ ላይ ያገኘው ድል ሮም ላይ ካገኘው ይበልጥ ታላቅ ነበር።» አሁን ቀዶ ሕክምናውም፣ ሁለተኛ ጊዜ ማሸነፉም፣ ሰዓቱም፣ አራት ደቂቃውም በአንድ ወገን ተሰለፉ። የለወጥነው አንድ ቃል ነው፤ አንቀጹ ግን ሌላ አንቀጽ ሆነ።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ይህ ነው፦ ኃይለ ቃላችሁን በእርሳስ ጻፉት። ማስረጃውን ከደረደራችሁ በኋላ ተመልሳችሁ እዩት፤ ካልገጠመ አስተካክሉት።

ቀጥሎ የሚመጣው መጣል ነው፤ ከመጻፍ ይልቅ የሚከብደው እሱ ነው። ሮም ላይ አንድ ድንቅ ነገር ተፈጽሟል። ጣሊያኖች ወስደውት የነበረው የአክሱም ሐውልት ያኔ ሮም ቆሞ ነበር፤ አበበም ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ፍጥነቱን ጨምሮ ከተፎካካሪው የተለየው በዚያ ሐውልት አቅራቢያ ነው። ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ ሳይጽፈው ማለፍ እንዴት ይችላል? እኔ ራሴ ዛሬ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልቻልኩም። እኛ የያዝነው አንቀጽ ግን ስለ ቶኪዮ ታላቅነት ነው፤ ሐውልቱ ደግሞ የሚመሰክረው ለሮም ነው። ይውጣ። የትውልድ ዘመኑም፣ የአሠልጣኙ ስምም፣ የመኪና አደጋውም ይውጡ። ባዶ እግሩስ? እሱ ይቆይ፤ ምክንያቱም ተከራካሪያችን የሚያነሣው ጥያቄ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር እንስጠውና «የሮሙ ድል በባዶ እግር በመሮጡ ይበልጥ ይታወሳል፤ ነገር ግን…» ብለን እንለፍ።

የወጣው ሁሉ ጠፍቶ አይቀርም። ለሐውልቱ ሌላ አንቀጽ ጻፉለት። ከመኪናው አደጋ በኋላ አበበ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራ መወዳደሩ ራሱን የቻለ ሌላ ኃይለ ቃል ይወጣዋል። ለአንዱ አንቀጽ አንድ ሐሳብ ብቻ ስጡት።

አሁን የተጠናቀቀውን አንቀጽ በአማርኛ ላንብብላችሁ፤ እናንተ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት።

«አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ያገኘው ድል ሮም ላይ ካገኘው ይበልጥ ታላቅ ነበር። የሮሙ ድል በባዶ እግር በመሮጡ ይበልጥ ይታወሳል፤ ነገር ግን አበበ ወደ ሮም የሄደው ማንም ሳያውቀው ነው። ወደ ቶኪዮ ሲሄድ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁለት ጊዜ ማሸነፍ ግን ከዚያ በፊት ለማንም አልተቻለም ነበር። በዚያ ላይ ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት በፊት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ይህ ቀዶ ሕክምና ልምምዱን አቋረጠበት። እንዲያም ሆኖ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ያ ሰዓት በጊዜው በዓለም ፈጣኑ ነበር። ሁለተኛው ሯጭ የደረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው።»

ሰባት ዓረፍተ ነገር ነው። አሁን አንዱን ከቦታው አንሡት እስቲ፤ ሌሎቹ ይጮኻሉ። «ይህ ቀዶ ሕክምና» የሚለው ከፊቱ ያለውን ካጣ ትርጉም የለውም።

ይህችን «ይህ ቀዶ ሕክምና» የምትለውን ሐረግ ልብ በሉልኝ። በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገርን ከዓረፍተ ነገር ለማያያዝ ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ነው፤ ያለፈው ዓረፍተ ነገር ባበቃበት ነገር የሚቀጥለውን መጀመር። «ዚስ ኦፐሬሽን»፣ «ዛት ታይም»፣ «ዚስ ፕሮብሌም»። «ዚስ» ብቻዋን ስትሆን ግን አንባቢ «የቱ?» ይላል፤ ከኋላዋ ስም አስከትሉላት።

የእኛ ተማሪ ከዚህ ይልቅ የሚወደው «ሞርኦቨር»ን፣ «ፈርዘርሞር»ን፣ «ኢን አዲሽን»ን ነው። በየዓረፍተ ነገሩ መነሻ አንዳንድ ይተክላል። ከፍ ያለ እንግሊዝኛ ስለሚመስል ይመስለኛል። በሁለት ሐሳቦች መካከል ዝምድና ከሌለ ግን «ሞርኦቨር» ዝምድና አይፈጥርም፤ ዝምድና ካለም ብዙውን ጊዜ ያለ እሷ ይታያል። እኔ ብሆን በአንድ አንቀጽ ከሁለት በላይ አልፈቅድም።

ከአማርኛችን ወደ እንግሊዝኛ ይዘናቸው የምንሄዳቸው ልማዶችም አሉ። «ምንም እንኳን ዝናብ ቢዘንብም፣ ግን ሄድን» ማለት በአማርኛ አያስነቅፍም። በእንግሊዝኛ «ኦልዞው» ብላችሁ ከጀመራችሁ «በት» አትገባም፤ አንዷ በቂ ናት። በፈተና ወረቀት ላይ ደጋግሞ ከሚታየው ስሕተት አንዱ ይህ ነው።

የሚብሰው ግን የዓረፍተ ነገር ርዝመት ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ እስከዚያ ድረስ «ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ታክሲ ተሳፍሮ ቢሮው ገባ» እያለ ይፈስሳል። ማንም አይደክመውም፤ ለጆሮም ይጥማል። ያንኑ ወደ እንግሊዝኛ ስትወስዱት ግን «ኤንድ… ኤንድ… ኤንድ…» እያለ የማያልቅ ዓረፍተ ነገር ይወጣል። እንግሊዝኛ ባለቤቱንና ግሱን ቶሎ ይፈልጋል። ስለዚህ ቁረጡት። አንዱን ረጅም ዓረፍተ ነገር ሦስት አድርጉት፤ ነጥብ ማስቀመጥ ገንዘብ አያስከፍልም። ሁሉም አጭር ሲሆን ደግሞ የሕፃን ንባብ ስለሚመስል አጭሩንና መካከለኛውን አፈራርቁ።

ሌላው ልማድ ከሩቅ መነሣት ነው። ደብዳቤ ስንጽፍ ጤና እንጠይቃለን፣ የቤተ ሰቡን ደኅንነት እንጠይቃለን፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን እንላለን፤ ጉዳዩ የሚመጣው ገጹ ሊያልቅ ሲል ነው። ይህ ጨዋነት ነው፤ ለእናታችሁ ስትጽፉ አትተዉት። ለመሥሪያ ቤት በእንግሊዝኛ ኢሜይል ሲጻፍ ግን ጉዳዩ ሁለተኛው መሥመር ላይ ካልታየ አንባቢው ኢሜይሉን ሊዘጋው ይችላል። ሮበርት ካፕላን የሚባል አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የእንግሊዝኛ ጸሐፊ ሐሳቡን እንደ ቀጥ ያለ መሥመር ይወስዳል፣ ሌሎች ግን ይዞራሉ ወይም ይመላለሳሉ ብሎ በሥዕል አስቀምጦ ነበር። ብዙ ተተችቶበታል፤ በትክክልም። አማርኛ ቀጥ ማለት ሲፈልግ ቀጥ ይላል፤ የዜና ጽሑፋችንን ስሙ። የካፕላንን ሥዕል ስለ እኛ አስተሳሰብ የተሰጠ ፍርድ አድርጋችሁ አትውሰዱት። የእንግሊዝኛ አንባቢ ምን እንደሚጠብቅ ለማወቅ ግን ይጠቅማል።

ኃይለ ቃል ሁልጊዜ መጀመሪያ ላይ መሆን አለበት ወይ? ይህን ሕግ በመጽሐፍ ካጸኑት አንዱ በስኮትላንድ የአበርዲን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው አሌክሳንደር ቤይን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው የእንግሊዝኛ ድርሰት መማሪያ። ከመቶ ዓመት በላይ መምህራን እሱን ሲያስተምሩ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሪቻርድ ብራዶክ የሚባል አሜሪካዊ የታወቁ መጽሔቶች ላይ የወጡ ጽሑፎችን ወስዶ ሲመረምር፣ በኃይለ ቃል የሚጀምሩት አንቀጾች ከመቶ 13 ብቻ ሆነው አገኛቸው። እንግዲህ ዋናዎቹ ጸሐፊዎች ሕጉን አይጠብቁም ማለት ነው። ቢሆንም ለእናንተ የምመክራችሁ ኃይለ ቃሉን እንድታስቀድሙ ነው። ፈታኝም ቀጣሪም የሚያነብበው ብዙ ወረቀት አለው፤ ምን እንደምትሉ ቶሎ ይወቅላችሁ። ከዚህም በላይ፣ ኃይለ ቃሉ ላይኛው መሥመር ላይ ተጽፎ ስታዩት እናንተም ከሐሳባችሁ አትወጡም።

ስለ መዝጊያ ዓረፍተ ነገር ብዙ አልልም። አንቀጿ ብቻዋን የምትቆም ከሆነ አንድ መዝጊያ ብትኖራት አይከፋም። ድርሰት ውስጥ ካለች ግን በየአንቀጹ «ኢን ኮንክሉዥን» አትበሉ፤ ያበቃው አንቀጹ እንጂ ድርሰቱ አይደለም።

ስለ መልኳም አንድ ቃል። የብራና ጸሐፊዎቻችን አዲስ ክፍል ሲጀምሩ ቀይ ቀለም ያነሡ፣ የነጥብ ምልክትም ያኖሩ ነበር። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያውን መሥመር ጥቂት ወደ ውስጥ ማስገባት ወይም በአንቀጾች መካከል አንድ መሥመር ባዶ መተው ይበቃል። አንዱን ምረጡ፤ ሁለቱን አትደባልቁ። ዓረፍተ ነገር ባለቀ ቁጥር ወደ አዲስ መሥመር መውረድ ግን አንቀጹን ግጥም ያስመስለዋል።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለማንም ከማሳየታችሁ በፊት እንዲህ ፈትሹት። ኃይለ ቃሉን በእጃችሁ ሸፍኑና የቀረውን ለወንድማችሁ ወይም ለጓደኛችሁ አንብቡለት። ከዚያ «ምን ለማለት የፈለግሁ ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚመልስላችሁ ከሸፈናችሁት ዓረፍተ ነገር ጋር ከተቀራረበ አንቀጻችሁ ቆሟል። «ስለ አበበ ብዙ ነገር ነገርኸኝ» ካላችሁ እንደገና ጀምሩ።

የቤት ሥራ ልስጣችሁ። የምታውቁትን አንድ ሰው፣ አንድ ገበያ ወይም አንድ ሙያ ውሰዱ፤ ሰፊ ርዕስ አትምረጡ። ስለ እሱ አንድ ሰው ሊከራከራችሁ የሚችል አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፉ። ማስረጃ ፈልጉለት፤ ሦስት ይበቃል፤ ከሦስቱ አንዱ ቢያንስ ቁጥር ወይም ቦታ ወይም ጊዜ ያለው ይሁን። የማይመለከተውን አውጡ። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስንገናኝ ወረቀቱን ይዛችሁ ጠብቁን፤ ያኔ ሁለተኛ አንቀጽ ከመጀመሪያው ጋር እንዴት እንደሚቀጠል እናያለን። ሰላም ሁኑ።